የእሁድ ጠያቂ

አስካለች እንግሊዝኛ ማንበብ አትችልም፤ የኮሌጅ ፊደሎችን ግን በመልካቸው ለይታ ታውቃቸዋለች። ኤ ለእሷ መሰላል ናት። ቢ ባለሁለት ሆድ፣ ሲ ደግሞ ማጭድ። የእህቷ ልጅ ሥርጉት ኮሌጅ ከገባች ወዲህ በየሴሚስተሩ መጨረሻ የምታቀርብላት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት መሰላል ይዘሽ መጣሽ?» ማጭድ ሲበዛ ስኮላርሺፑን አጭዶት እንደሚሄድ ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስረዳት ገብቷታል። ያን እሁድ ጠዋት ሥርጉት ከእንቅልፏ ስትነቃ የግሬድ ወረቀቷ ከማርያም ሥዕል ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ጠበቃት። አንድ መሰላል፣ ሦስት ባለሁለት ሆድ፣ አንድ ማጭድ። ከሁሉም በታች፣ ስታትስቲክስ በሚለው ትይዩ፣ ሌላ ማጭድ ነበረች፤ እሷን ግን አንድ ሰው በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ አጠገቧ ቀይ መሰላል አቁሞ ፈርሞበታል።

አስካለች ለዚያች ቀይ መሰላል ስትል ቅዳሜ ማታ ሳሪስ ድረስ ሄዳ በስልሳ ብር ግማሽ ኪሎ ሥጋ ገዝታለች። ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ነው የቀረው፤ ሥጋውም ቢሆን ከወትሮው ጨምሯል፤ እሷ ግን አልተከራከረችም። ጠዋት ጠብሳ አቀረበችና ፊት ለፊት ተቀምጣ ሥርጉት ስትበላ ታያት ጀመር። ሥርጉት ሁለት ጉርሻ ወስዳ አቆመች። አንዲቷ ክፍል ጠባብ ናት፤ አልጋውና ጠረጴዛው ከተቀመጡ በኋላ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ዓይን የሚሸሽበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ ሥርጉት ወደ ግድግዳው እንዳታይ ሳህኑን፣ ሳህኑን እንዳታይ ደግሞ ጫማዋን ስታይ ቆየች። አስካለች ለምን አልበላሽም አላለቻትም። የተረፈውን ከድና ድስቱን ከአልጋው ሥር አስገባችና ነጠላዋን አጣፋች። እሁድ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው፤ ማርፈድ አይሆንም።

ሥራቸው ስልክ መጠበቅ ነው። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ሰው ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ሞባይሉን ይዞ መግባት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ከመንገዱ ማዶ ከሙዝና ከብስኩት ሻጮቹ መሀል ስልክ የሚያስቀምጡ የቆርቆሮ ቤቶች ተደርድረዋል። ለስልክ ሁለት ብር፣ ለቀበቶ አንድ ብር፣ ለቦርሳ ሦስት። አስካለች ከሌሎቹ የምትለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እንደ ጎረቤቶቿ ስልኩን በፌስታል አትሰበስብም፤ አንድ አናጢ ከአሮጌ ቁም ሣጥን የሠራላት ስልሳ ጎጆ ያለው መደርደሪያ አላት፤ እያንዳንዱ ጎጆ ቁጥር አለው፤ ያው ቁጥር ከኦሞ ካርቶን ተቆርጦ ለባለስልኩ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ሕግ አላት። የሚጮህ ስልክ አይነካም፣ መስታወቱ ላይ ማን እንደደወለ አይታይም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም ሰው ማንን ልትጠይቅ ነው የመጣኸው አይባልም። «እዚያ ውስጥ ሰው ያለው ሰው፣ ሲጠየቅ ነው የሚያመው» ትላለች። ሥርጉት ቅዳሜና እሁድ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ከኋላዋ ሠላሳ አርባ ስልክ በየዜማው እየጮኸ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠናችው እዚያ በርጩማ ላይ ነው። ጸጥታ ባለበት ማጥናት ከተወች ቆይታለች፤ ቤተ መጻሕፍት ስትገባ እንቅልፏ ይመጣል።

ነጻ ትምህርቱን ያገኘችው በአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ነው። ኮሌጁ በየዓመቱ ከወረዳው ሁለት ልጆች ያስተምራል፤ ውሉ በየሴሚስተሩ አማካይ ውጤታቸው ከሦስት ነጥብ እንዳይወርድ ነው። ከወረደ በወር አራት መቶ ሃምሳ ብር መክፈል ነው፤ ያ ካልሆነ መውጣት። አስካለች ጾም ፍልሰታ፣ ክረምትና የስልክ ወረፋ የሚቀንስበት ወር ሲደመሩ ይህን እንደማትችል ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ግን ተነጋግረውበት አያውቁም። በዚህ ሴሚስተር ነገሩ ሁሉ በስታትስቲክስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ማጭድ ሆኖ ከቀረ አማካይዋ ሁለት ነጥብ ሰማንያ ሦስት ይሆናል። ባለሁለት ሆድ ከሆነ ልክ ሦስት፤ አንድ ስንዝር አይተርፍም፣ አንድ ስንዝርም አይጎድልም። አሁን ግድግዳው ላይ ባለው በቀዩ መሰላል ደግሞ ሦስት ነጥብ አስራ ሰባት ሆኗል። ሰው ይህን ይዞ እንዴት ሁለት ጉርሻ ብቻ ይበላል?

አራት ሰዓት ሲሆን ሥርጉት ወደ መንገዱ ማየት ጀመረች። በየእሁዱ አራት ሰዓት ላይ አስራ አራት ቁጥር ይመጣል። አስካለች ስሙን አታውቅም፣ «የአስራ አራቱ ሰውዬ» ነው የምትለው፤ ከኅዳር ጀምሮ ያለማቋረጥ መጥቷል፣ ሁልጊዜ አስራ አራትን ይጠይቃል፣ ባለሦስት ደረጃ ምሳ ዕቃ ይዞ ይገባል፣ ሲወጣ ምሳ ዕቃው ባዶ ነው። ሥርጉት ግን ስሙን ታውቀዋለች። መምህር ቀጀላ ዱሬሳ ይባላል፤ ስታትስቲክስ የሚያስተምራት እሱ ነው። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ስልኩን ዘርግቶ ቀና ሲል ተያዩ። ሁለቱም ያኔውኑ ተለያዩ ማለት ይቻላል፤ እሱ ዓይኑን ወደ መደርደሪያው፣ እሷ ወደ ካርቶኖቹ። አስራ አራት ቁጥርን ሰጠችው። ሰኞ ዕለት ክፍል ሲገባ እንደማንኛውም ተማሪ አያት፣ እሷም እንደማንኛውም አስተማሪ አየችው። እንዲህ ሆኖ አራት ወር ሄደ። አንድ ቀን ሲወጣ ከካርቶኑ ጋር በማረሚያ ቤቱ በር ላይ የሚሰጠውን፣ የተጠያቂው ስም የተጻፈበትን ብጣሽ ወረቀት ረስቶ ሰጥቷት ነበር፤ «ሮሪሳ ዱሬሳ» ይላል። ወንድሙ መሆኑ ነው። ወረቀቷን ቀድዳ ጣለቻት፤ ለአክስቷም አልተናገረችም።

አምስት ሰዓት ሆነ። አልመጣም። አስካለች ሦስት ቀበቶና አንድ የገበሬ ዱላ እየተቀበለች «የአስራ አራቱ ሰውዬ ቀረ» አለች፤ የሚቀር ሰው አይደለም፣ ታሞ ይሆናል ብላም አዘነችለት። ሥርጉት ግን ለምን እንደቀረ ታውቃለች። የቀረው በእሷ ምክንያት ነው፤ እሷ ባለፈው አርብ በተናገረችው በአንዲት ቃል ምክንያት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጤት የተለጠፈው ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ነበር። ስታትስቲክስ ከመቶ ሃምሳ ስምንት፣ ሲ ይላል። ሥርጉት ወዲያው የት እንደጎደለ ገባት። የመጨረሻውን ጥያቄ፣ አስራ አምስት የሚያዘውን፣ ቦታ ስላነሳት በመጨረሻው ወረቀት ጀርባ ነበር የሠራችው፤ ከታች «ይገለበጥ» ብላ መጻፍ ግን ሰዓቱ አጣድፏት ረስታለች። አስተማሪው አልገለበጠውም ማለት ነው። ቢ ከሰባ ይጀምራል፤ ከአስራ አምስቱ አስራ ሁለት ካገኘች ትደርሳለች። በማግስቱ እሁድ ስልኩን ሊያስቀምጥ ሲመጣ ልትነግረው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን እዚህ ቦታ አይነገርም ብላ፣ ሰውም ስለበዛ፣ ዋጠችው። ለእሱ ብላ ነው የዋጠችው። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮው ዝግ ሆኖባት፣ አርብ ዕለት ክፍት ስታገኘው ውስጡ ሦስት ሌሎች አስተማሪዎች ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ገባችና የግሬድ ወረቀቷን ዘርግታ፣ ድምጿ በፍርሃት ከፍ ብሎባት፣ «ቲቸር፣ ለመጠየቅ ነበር» አለች። «እሁድም ልጠይቅ አስቤ ሰው ስለበዛ ነው የተውኩት።»

ሰው ሌላ ቦታ ይህን ቃል ቢሰማ ምንም አይደለም። ተማሪ ግሬድ ይጠይቃል፤ ሰው የታሰረ ወንድሙን ይጠይቃል፤ አማርኛ ለሁለቱም ያስቀመጠው ያንኑ ቃል ነው፣ ምን ታድርግ። መምህር ቀጀላ ግን «እሁድ» እና «መጠየቅ» የሚሉትን ቃላት ከዚያች ልጅ አፍ፣ በዚያ ድምፅ፣ በባልደረቦቹ ፊት ሲሰማ ፊቱ አመድ ሆነ። ወረቀቷን ነጠቃት። ሲዋን ሰረዘ፣ ኤ ጻፈ፣ ፈረመ፤ ከመሳቢያው የማስተካከያ ፎርም አውጥቶ «የመደመር ስህተት» ብሎ ሞላና ሰኞ ሬጅስትራር እንደሚያስገባው፣ ሰኞ የመጨረሻው ቀን እንደሆነ፣ አሁን መሄድ እንደምትችል ነገራት። የፈተናውን ወረቀት አላወጣውም፤ አልገለበጠውም። ሥርጉት ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ነው የገባት፤ ምስጢሩን እንዳታወጣ ዋጋ የጠየቀችው መስሎታል። ተመልሳ ልታስረዳ ሁለት እርምጃ ሄደች፤ ከዚያ ቆመች። ስለቆመችበት ምክንያት ራሷን ልትዋሽ ብዙ ሞክራለች፤ ሰዎች ስላሉ ነው፣ ይብስ ስለሚደነግጥ ነው። እውነቱ ግን ኤዋን እጇ ላይ ይዛ ስለነበር ነው። አስራ አምስቱንም ብታገኝ ሰባ ሦስት ነው፤ ሰባ ሦስት ኤ ሆኖ አያውቅም።

ሰባት ሰዓት ላይ ከሙዝ ሻጯ ግማሽ ኪሎ ሙዝ ገዛች። ከዚያ የራሷን ስልክ አስራ አራት ቁጥር ጎጆ ውስጥ አስቀመጠችና ካርቶኑን ይዛ ተነሳች። አስካለች ሙዙንም ካርቶኑንም አየች። ወዴት ነው ብትል ኖሮ ሥርጉት ሁሉንም ትዘከዝክላት ነበር፤ ምናልባትም ይህንኑ እየጠበቀች ትንሽ ዘገየች። አክስቷ ግን ለዘመድ ብላ ሕጓን የምታፈርስ ሴት አይደለችም። ነጠላዋን አውልቃ ሰጠቻት፣ ፀሐዩ ከባድ ነው አለቻትና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ከፍተሻው በኋላ ያለው ቦታ በሁለት አጥር የተከፈለ ነው። ጠያቂው በዚህ፣ ተጠያቂው በዚያ፣ መሀላቸው አንድ ሰው የሚያልፍበት ክፍት ቦታ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚናገር ሁሉም ይጮሃል። አንዲት እናት የልጇን ጥርስ ሕመም በጩኸት ትጠይቃለች፤ አንድ ሽማግሌ ስለ ላም መውለድ በጩኸት ያወራሉ። ሥርጉት ሮሪሳ ዱሬሳን ስታስጠራ ከማዶ የመጣው ቁመተ ረጅም ወጣት ነበር፤ ግንባሩ ቁርጥ የመምህሩ ግንባር ነው። ሊጠይቀው የመጣውን ሰው ሲፈልግ ዓይኑ በእሷ ላይ አልፎ ሄደ፤ ከዚያ ተመልሶ ግራ ተጋብቶ አያት።

ቀጀላ ታመመ ወይ ነበር የመጀመሪያ ጥያቄው። አልታመመም፣ ሥራ በዝቶበት ነው ብላ ጮኸች። አንቺስ ማነሽ ሲላት ምን እንደምትል አላዘጋጀችም ነበር፤ ተማሪው ነኝ አለች። ሮሪሳ ያኔ ፊቱ በራ።

«የስልኳ ልጅ ነሻ» አለ። «ስለ አንቺ በየሳምንቱ ነው የሚያወራልኝ።»

ሥርጉት በትክክል የሰማች አልመሰላትም። ሮሪሳ አጥሩን ይዞ ጎንበስ ብሎ፣ ከጎኑ ካለው ሰው ድምፅ በላይ እየጮኸ ነገራት። እሱ የጭነት መኪና ነጂ ነበር፤ ሞጆ አካባቢ አንድ አባወራ ገጭቶ ሞቱበት። ወንድሙ ለኮሌጁ ሰዎች ጅቡቲ መስመር ላይ ነው እያለ ነው የሚኖረው፤ እሱም አይፈርድበትም። መጀመሪያ ዕለት ስልኩን የምትጠብቀው ተማሪው ሆና ሲያገኛት ነገ ግቢው ሁሉ ያውቀዋል ብሎ እዚህ መጥቶ አልቅሷል። ቀኑ ሄደ፣ ወሩ ሄደ፣ ማንም ምንም አላለውም። «አንድም ቀን ቀና ብላ አላሳፈረችኝም ይለኛል» አለ ሮሪሳ። «ከሁሉ ተማሪዎቼ እሷን ነው የማከብረው ይላል። ባለፈው እሁድ እንኳ ስታትስቲክስ ሲ እንደሆነብሽ ነግሮኝ አዝኖ ነበር። ጭማሪ መስጠት ያሳፍረኛል፣ እሷንም መናቅ ነው ብሎኛል።»

ሥርጉት አንገቷ ድረስ ጋለች። እፍረት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ያን ሁሉ ወር እንደዋዛ ዝም ያለችው ዝምታ አንድ ቦታ ተቆጥሮላት ኖሯል፤ እሷ ግን ሰውየው ስለ እሷ የነበረውን ነገር በአንድ ቃል አፍርሳ፣ በፍርስራሹ ላይ መሰላል አቁማ ወጥታለች። ሮሪሳ ሙዙን በጠባቂው እጅ ተቀበለና ቀጀላ የሚመጣ ከሆነ ሰዓቱ ሳይሞላ ይምጣ በይልኝ አላት። እሁድ ጠያቂ ሲቀርበት፣ ሌላው እስረኛ ሁሉ ጠያቂውን ሊያይ ሲሯሯጥ፣ ብቻውን መቀመጡ ይከብደዋል።

ስትመለስ መምህር ቀጀላ ከአስካለች ቤት አጠገብ፣ የሙዝ ሻጯ ጃንጥላ ጥላ ዳር ቆሟል። ምሳ ዕቃው እጁ ላይ ነው። አስካለች አስራ አራት ተይዟል፣ ሃያ ሁለት ልስጥዎት ብትለው ልጠብቅ ብሎ ነው፤ ገርሟት ትታዋለች። ሥርጉትን ሲያይ ወደ እሷ ሁለት እርምጃ መጣ። ሌላ ቤት ሊያስቀምጥ ሄዶ እንደነበር፣ እዚያ ግን በፌስታል እንደሚያጭቁት፣ ስልኩ መስታወቱ የተሰነጠቀ እንደሆነ ነገራት፤ ማንም ሳይጠይቀው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኤ አልበቃሽም?» አላት። «አሁን ደግሞ ምን ቀረሽ?»

እንዲህ ተብላ አታውቅም። እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው።

«ቲቸር፣ አርብ ልጠይቅ የመጣሁት ወረቀቴን ነው» አለች። «ሌላ ምንም አይደለም። የመጨረሻው ወረቀት ከጀርባው ተጽፎበታል። አልገለበጡትም።»

«ወረቀቱን?»

«ወረቀቱን።»

መምህር ቀጀላ አርብ ዕለት የሰማውን እንደገና፣ ቃል በቃል፣ በሌላ ትርጉም እየሰማው እንደሆነ ከፊቱ ይታወቅ ነበር። ምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀመጠና ግንባሩን በመዳፉ አበሰ። አስራ አምስቱን ሁሉ ብታገኚ ሰባ ሦስት ነው አላት፤ አውቃለሁ አለች። አስራ ሁለት ካልሞላ ባለበት ሲ ይሆናል፣ ሲ ከሆነ ስኮላርሺፑ ይሄዳል፣ ፎርሙን ገና አላስገባሁትም፣ እንዲሁ ብንተወው ማንም አያውቅም አላት። ሥርጉት ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ታያት፣ ከአልጋው ሥር ያለው ድስት ታያት። ፈራች። ያን ጥያቄ አስራ ሁለት የሚያስገኝ አድርጋ ሠርታው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለችም፤ መጨረሻው ላይ ያለውን ማባዛት በጥድፊያ ነው የጻፈችው።

«እኔ አውቃለሁ» አለች። «ገልብጠው ይዩልኝ።»

«ነገ ሦስት ሰዓት ነይ» አላት ቀስ ብሎ። «ብቻዬን አላየውም። ራስሽ ትገለብጪዋለሽ፣ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አርማለሁ።»

ሥርጉት ወደ ውስጥ ገብታ ስልኳን ከአስራ አራት አወጣች፤ የእሱን አስገባች። ካርቶኑን ስትሰጠው ዓይኗን ወደ መደርደሪያው አልመለሰችም፤ እሱም አልመለሰም። ሮሪሳ ደህና ነው፣ ሰዓቱ ሳይሞላ ይምጣልኝ ብሏል አለችው። መምህሩ ምሳ ዕቃውን አነሳና ወደ በሩ ሮጥ ሮጥ እያለ ሄደ።

አስካለች ይህን ሁሉ ከበርጩማዋ ላይ ሆና አይታለች። ሁለት ሰው አስተናገደች፣ አንድ ካርቶን አቃናች፣ ከዚያ በሥራዋ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጓን አፈረሰች።

«ማነው?» አለች።

«ጠያቂ ነው» አለች ሥርጉት።

አስካለች ይህ መልስ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ መልስ እንደሆነም ታውቃለች። ሥርጉት ነጠላዋን መለሰችላትና አጠገቧ ተቀመጠች። ቀይዋ መሰላል የእሷ እንዳልሆነች፣ ነገ ተመልሳ እንደምትወርድ፣ በቦታዋ ባለሁለት ሆድ ወይ ማጭድ እንደሚገባ፣ የትኛው እንደሚሆን ግን እንደማታውቅ ነገረቻት። ለምን እንደሆነ አልነገረቻትም፤ ያ የሌላ ሰው ነው። አስካለች ወደ መንገዱ እያየች ሰማቻት። ከኋላቸው የአስራ አራት ቁጥር ስልክ መጮህ ጀመረ፤ ብዙ ጮኾ ዝም አለ፤ እንደገና ጮኸ።

«ማጭድ ከሆነ ነጻው ይቀራል ማለት ነው» አለች በመጨረሻ።

«ይቀራል።»

አስካለች ሁለት ብር ተቀብላ ሳትቆጥር አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ «ሥጋው ድስቱ ውስጥ አለ» አለቻት። «ማታ ጨርሰሽ ትበይዋለሽ።»